ባሌን ከቤት ያስወጣልኝ ብዬ ያቋቋምኩት ክለብ

በእኛ ጊዜ ወታደር ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሰፈሩ አያስቀምጠውም ነበር። ስሙኝ ልጆች፣ አንዱ መጥቶ «ተነስ እስቲ ጠጅ ቤት እንሂድ» ይለዋል፣ አንዷ «አጥሬ ወድቋል፣ ና አቁምልኝ» ትለዋለች፣ እና ቢወድም ባይወድም ከሰው ጋር ይውላል። እዚህ ሎስ አንጀለስስ? እዚህ በር የሚያንኳኳ ማነው? ፒዛ የሚያመጣው ልጅ ነው፣ እሱም በር ተሳስቶ።

ታዲያ የኔው ሃምሳ አለቃ ደግፌ፣ ባሌን ነው የምላችሁ፣ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ፓርኪንግ፣ የሰው መኪና ማቆም፣ ሲሠራ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሪታየር አደረገ። ኦኬ፣ ይረፍ አልኩ። የት አባቱ ያርፋል! ሃውቶርን ያለው አፓርትማችን ሥር የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ጠዋት ተነስቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ይወርድና መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ድራይቭ አያደርግ፣ ሬድዮ አይከፍት፣ ዝም ብሎ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ እዚያው ነው። «ደግፌ፣ ምን ትሠራለህ?» «ምንም።» «ምሳ በላህ?» «እ?» እንዲህ ነው መልሱ፣ «እ?» እና ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን እዚያው መሪውን እንደያዘ ሞቶ አገኘዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

መማረኩን ታውቃላችሁ አይደል? ከየት ታውቃላችሁ። ሰሜን ጦር ሜዳ ተማርኮ ስንት ዓመት ታስሯል። እንዴት እንደተማረከ ግን ለኔም አልነገረኝም። በጠየቅኩት ቁጥር «ተይው ስንዱ» ነው፤ ተይው፣ ተይው፣ ተውኩት።

ሶ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለችው ምግብ ቤቴ የድሮ ወታደሮች ይመጣሉ። አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ፣ ሁሉም ለየብቻው ሽሮውን ይዞ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። እና እኔ «ምናለ ክለብ ብታቋቁሙ? ከኋላ ያለውን ክፍል በነፃ እሰጣችኋለሁ» አልኳቸው። በልቤ ደግሞ ደግፌን አመጣበታለሁ ብያለሁ። እንዴት ደስ አላቸው! «እትዬ ስንዱ፣ ይሄማ ድሮ መሆን የነበረበት ነገር ነው!» ወይ እኔ! ምን አግኝቶኝ ነው አፌን የከፈትኩት?

የመጀመሪያው ሚቲንግ በማዕረግ ክርክር አለቀ። ማን የት ይቀመጥ? ኮሎኔል ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በሠራዊቱ ደንብ መሠረት ከፍተኛው መኮንን ከራስጌ ይቀመጣል» አሉ። አንዱ «እኔም እኮ ኮሎኔል ነኝ» አለ። ሌላው «የኔም ሹመት ወጥቶ ነበር፣ መንግሥት ተለወጠብኝ እንጂ» አለ። ጋሽ ታፈሰ፣ ሾፌር የነበሩት ጋሽ ታፈሰ፣ ደረታቸውን ነፍተው «እኔን ሻምበል በሉኝ» አይሉም? ቤቱን ዞር ብዬ ባይ አንድ ተራ ወታደር የለም! አንድ! ታዲያ ጦርነቱን ማን ተዋጋው? አውሮፕላኑ ላይ ነው መሰለኝ የተሾሙት። እና ሁሉም መኮንን ስለሆነ ወንበር የሚያነሳ ጠፋ፤ ወንበሩን እኔ አነሳሁ።

ይገላገሉ ብዬ ክብ ጠረጴዛ ገዛሁላቸው። «ክብ ከሆነማ ራስጌው የት ሊሆን ነው?» አሉኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ!

ታዲያ አንድ ቀን ደግፌን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ፣ እኔው ድራይቭ አድርጌ አመጣሁት። ሱፉን ለብሷል። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የዚያን ዕለት ኮሎኔል የክለቡን ደንብ ያስጸድቃሉ፣ እና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እጁን ለጠላት የሰጠ ሰው አባል መሆን አይችልም። የክብር ጉዳይ ነው» አሉ። ሆን ብለው አይደለም፣ የሱን ነገር አያውቁም። ደግፌ ተነሳ። ወንበሩን አንስቶ ግድግዳው ጥግ መለሰ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ፣ ወጣ። በመስኮት አየዋለሁ፤ መንገዱ ዳር መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ያዘ።

ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ፈላ። «ኮሎኔል!» አልኳቸው።

«አቤት፣ እትዬ ስንዱ።»

«የእርስዎ ሽጉጥ የት አለ?»

«ምን?»

«ሽጉጥዎ! መንግሥት ያስታጠቀዎት! ታጥቀውት ነው ሎስ አንጀለስ የገቡት?»

ጣሪያውን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ድንበር ላይ... ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሰጠሁት» አሉ። ጋሽ ታፈሰ ቀበል አድርገው «እኔ መኪናዋን ከነቁልፏ መንገድ ላይ ትቼ ነው የሮጥኩት» አሉ። ያ ሁለተኛው ኮሎኔል ደግሞ ክላሹን በቀሚስ ለውጦ፣ ሴት መስሎ እንዳለፈ ነገረን።

«ታዲያ እጁን ያልሰጠው የትኛችሁ ናችሁ?» አልኳቸው። «አሁን የወጣው ሰውዬ ባሌ ነው። ተማርኮ ነበር። ይሄን ክለብ የለመንኳችሁ ለሱ ብዬ ነው!»

ኮሎኔል ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። የመኪናውን መስኮት አንኳኩ። አልከፈተም። እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ያ ሁሉ ክብር ያላቸው ሰውዬ ቆሙ። በኋላ ከፈተላቸው። ጋሽ ታፈሰና ባለቀሚሱም ተከትለው ሄደው ከኋላ ገቡ። እኔ ደንበኛ ነበረብኝና ኩሽና ገብቼ ስመለስ፣ መኪናው የለም! ስልክ እደውላለሁ፣ አያነሱም። ደግፌ እኮ ሪታየር ካደረገ ወዲህ ሞተር አስነስቶ አያውቅም!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጡ። መስኮቱ ሁሉ ክፍት፣ ሳቃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል፤ ኮሎኔል ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። «የት ነበራችሁ?» ስል ደግፌ «ለፓርኪንግ ሚተሩ የከፈልነው ሰዓት አልቆ የቅጣት ቲኬት የሚጽፈው ሰውዬ መጣ፣ ፓርኪንግ ስንፈልግ ነዋ» አለኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ፓርኪንግ! ፓርኪንግ ሲሠራ የኖረ ሰውዬ!

«ታዲያ ምን ያስቃችኋል?»

«እንዴት እንደተማረክሁ ነግሬያቸው ነው።»

«እንዴት ነው የተማረክኸው?»

«ተኝቼ» አለኝ። «እንቅልፍ ጥሎኝ። ሲቀሰቅሱኝ የኛ ሰዎች መስለውኝ ‹ተወኝ ባክህ፣ ተረኛው እኔ አይደለሁም› አልኳቸው።»

አያችሁ? ይሄንን ነው ያን ሁሉ ዓመት አፍሮ የደበቀኝ። እዚያው መንገድ ላይ ሳቅኩም፣ አለቀስኩም፣ ለነሱ ነግሮ ለኔ ባለመንገሩ ደግሞ ተናደድኩ።

እና አሁን ክለቡ መኪናው ውስጥ ነው። ክፍሌ ባዶ፣ ክብ ጠረጴዛዬ አቧራ ለብሶ፣ እኔ ሣህን ተሸክሜ ፌርፋክስ ላይ በመስኮት አጎርሳቸዋለሁ። ሚተሩ ሲያልቅ ይዟቸው ይሄዳል፣ አንዳንዴ እስከ ባሕሩ ድረስ። ያ ደንብ ቀርቷል። ማዕረጉ ግን መቼ ቀረ! ጋቢና ማን ይቀመጥ በሚለው ዛሬም ሲጨቃጨቁ ነው ጥያቸው የመጣሁት።

(ከአድማጮቹ አንዷ፦ «ታዲያ እትዬ ስንዱ፣ ተሳካልሽ አይደል? ጋሼ ደግፌ ከቤት ወጣ።»)

መውጣቱንማ ወጣ። አሁን ወደ ቤት የሚያስገባልኝ ክለብ ካለ ንገሪኝ እንጂ!