ገመናዬን የሸፈነችው ወዳጄ

የእኛ ሰው ለሐኪም እንኳ ገመና ይሸፍናል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ለመርሳት በሽታ አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሐኪሞች ጥናታቸው ውስጥ ሊያስገቡኝ አሰቡና፣ በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ። እዚያው አጠገብ ዊተን የምትኖረውን የድሮ ወዳጄን አልማዝን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ "ትረሳለች?" ብትላት፣ "እሷ? ከእኔም ከአንቺም ትሻላለች" አለች፤ በቀደም የገዛ ቤቴ ጠፍቶኝ መንገድ ላይ ያገኘችኝ እሷው ሆና።

በአማርኛ "አንቺ፣ ጉዴን አውጪው እንጂ" አልኳት።

"በሰው ፊት?"

"ያመጣሁሽ ልትድሪኝ አይደለም። ዛሬ ከሸፈንሽልኝ መድኃኒቱ ያልፈኛል፤ ነገ አንቺንም አላውቅሽም።"

አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተናገረች። ሐኪሟ "ጠባይዋስ? ቁጡ ሆናለች?" ስትላት ግን ቀና አለች።

"እሱንስ በበሽታው አታሳብቢ፤ ድሮም እንዲሁ ናት።"

ተመዘገብኩ።