የውጭ ዘር

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሰይድ የሚባል ጎልማሳና ጎረቤቱ እትዬ ዘሀራ ተቀምጠዋል።

«ባዝራዬን ያለ ድንጉላ አስዳቀልኳት፤ የእንስሳት ባለሙያ የውጭ ፈረስ ዘር በበረዶ አምጥቶላት። አሁን ውርንጭላዋን የሚገዛ ሰው ላነጋግር ነው።»

«ውርንጭላዋ ጆሮዋ ረዘመብኝ፣ ሰይድ።»

«የውጭ ዘር ነቻ፣ እትዬ።»

«ባለሙያው ባዝራህ ወንድ የፈለገች ቀን መጣልህ?»

«ቅዳሜ ነበር የፈለገችው። እሱ ቅዳሜና እሁድ አልሠራም ብሎ ሰኞ መጣ።»

«እስከ ሰኞ የት አሰርካት?»

«እናንተ አጥር ሥር ነዋ፣ ጥላ ስላለው።»

«ከወንዱ አህያዬ ጎን?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለገዢህ በቅሎ ናት በለው። የኔ አህያ ቅዳሜም እሁድም ይሠራል።»

ጀውሃ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።