ጎመን ያልበላ በቆሎ ሲከሳ

እንዴት ዋልሽ ደጊቱ? ልጆቹ ደኅና? ላሟስ ወለደች? ... እሰይ፣ እሰይ። ነይ እስቲ እዚች ባዶ ጆንያ ላይ አረፍ በይ። ሰልፉ ገና ነው፣ አህያሽም ትንፋሽ ትሰብስብ። የጅጋ ገበያ ደግሞ ዛሬ እንዴት ሞልቷል እባክሽ፤ ገና ካለፈ ወዲህ ገበሬው ሁሉ በቆሎውን ይዞ ወጣ። ያንቺስ ሁለት ጆንያ ነው? ቤትሽ በቁና ሰፍረሽው ነው የመጣሽ? ... ጎበዝ። አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ።

እኔማ በቆሎ የለኝ፣ መምህርት ምን በቆሎ አላት ብለሽ። እኔ የመጣሁት ልመዘን ነው። አትሳቂ። ከጥቅምት ጀምሮ ገበያ በዋለ ቁጥር እመዘናለሁ፣ ይኼው አንድ ቀን አላስታጎልሁም። እንደዚህ ያበረታታኝ ደግሞ አንድ ደግ ሰው ነው። ማን ነው ትይኛለሽ? ስም ምን ያደርግልሻል፣ ደግ ሰው በሥራው ይታወቃል። እህል ይገዛሉ፣ እህል ይሸጣሉ፣ ቤታቸውም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ... በጣም ሩቅ አይደለም። ድምፄን ለምን ዝቅ አደርጋለሁ ደጊቱ? ላመሰግናቸው እኮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል እንዳለፈ ጉልበቴን ስታመም ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሳምሪ የምትባል ነርስ፣ ልጅ እግር ናት፣ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ዘጠና አንድ ኪሎ። ደሜን ለካችው፤ ፊቷ ተለወጠ። "እትዬ አቻምየለሽ፣ አመጋገብዎን ካላስተካከሉ ይኼ ደም አንድ ቀን ይጥልዎታል" አለችኝ። ቅቤ ይቀንሱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ጎመንና ቆስጣ ያብዙ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ልጄ፣ የዓመቱን እኩሌታ የምጾም ሴት ነኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ ብላት፣ "ሲጾሙ በአንድ ጊዜ ስንት እንጀራ ነው የሚበሉት?" አለችኝ። በሱፍ ፍትፍትና በሽሮ የወፈርሁ ነኝ፣ በጾም ነው የወፈርሁት።

ፈራሁ ደጊቱ። እናቴን የጣላት ይኼው ደም አይደል? ስለዚህ ጀመርሁ። ጎመን ለምሳ፣ ጎመን ለራት። ባሌን አብተውን ታውቂው የለ፣ ሰሐኑን አይቶ "ይኼ ለኔ ነው ለላሟ?" ይለኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ተነሥቶ ወስዶ ለላሟ ሰጣት። እሷም አሽትታ ተወችው።

ታዲያ ሰው ሲደክም ለውጡን ማየት ይፈልጋል አይደል? እዚህ በየት ልመዘን? የሰፈራችን ጤና ሠራተኛ ይዛ የምትዞረው የሕፃናቱን ሚዛን ነው፣ አንጠልጥላ ነው የምትመዝን። እኔን ምን ላይ ታንጠልጥለኝ? ያን ጊዜ ነው እኚህ ደግ ሰው "ይውጡ መምህርት፣ ምን ችግር አለው" ብለው በእህል ሚዛናቸው ላይ ያወጡኝ። ጎመን ከጀመርሁ ገና አምስት ቀኔ ነው። ስንት ሆንሁ መሰለሽ? ሰማንያ አምስት። ስድስት ኪሎ ቀለልሁ። "እንዴት ከስተዋል እባክዎ" አሉኝ ደግሞ፣ ከልባቸው። የወለደ አባት እንኳ እንዲህ ያበረታታል?

ያን ሰሞን ትምህርት ቤት ግምገማ ነበር። ሁሉም ዕቅዱንና አፈጻጸሙን ሲያወራ፣ እኔ ተነሥቼ የግል ዕቅዴን በአምስት ቀን ፈጸምሁ ብዬ ነገርኋቸው። ተጨበጨበልኝ። ርእሰ መምህሩ "ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ይስፋ" አሉ። በአንድ ለአምስት የተጠረነፍነው ሴቶች በሙሉ ጎመን በላን። እነሱ ግን እህል ሚዛን ላይ አልወጡም፣ አፈሩ፤ ስለዚህ አልከሱም። አየሽ፣ ጎመኑ ብቻውን አይበቃም፣ ሚዛኑም ያስፈልጋል።

እኔ ደግሞ እብድ ነኝ፣ ቀሚሴን ይዤ ልብስ ሰፊው ተስፋው ዘንድ ሄድሁ፣ አጥብበው ብዬ። "ልለካዎት" ቢለኝ "ሚዛን ለክቶኛል" አልሁት። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ ጽዋውን ለመቀበል ጎንበስ ስል ጀርባዬ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ካህኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ማንን ሰደብሁ? ተስፋውን። ክሩ የቻይና ነው ብዬ። ልጁ ይቅር ይበለኝ።

ሚዛኗ ግን አንድም ቀን አላስከፋችኝ። ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ አራት ተኩል፣ እዚያው ነው። ደጉ ሰውም ባየኝ ቁጥር "ይበርቱ" ይሉኛል። በረታሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ላሳይ ተመልሼ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ለሳምሪ ልኩራባት ብዬ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ዘጠና። ዘጠና ኪሎ ደጊቱ። ይኼን ሁሉ ጎመን በልቼ፣ አብተውን አስርቤ፣ አንዲት ኪሎ። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አልኋት። ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ፣ እዚያም ዘጠና። የኛ የጅጋው ይሻላል፣ እናንተ መንግሥት የሰጣችሁን ይዛችሁ ነው አልኋት። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ አልሳቀችብኝም።

አልዋሽሽም፣ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስሁ። ረዳቱ "ምነው እናቴ፣ ሰው ሞተብዎት?" አለኝ። ኪሎ ተመለሰብኝ ይባላል? አዎ፣ ዘመድ ነው አልሁት። ተሳፋሪው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ እያለኝ ጅጋ ደረስን፤ አንዲት ሴትዮማ "ሟቹ ስንት ዓመቱ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። በጥቅምት ነው የተለየኝ አልኋት።

ቤት ገብቼ የቅቤውን ቅል አወረድሁ። በቃ፣ ለምን ብዬ ነው አልሁ። ከዚያ ሳምሪ ስወጣ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። "እትዬ፣ ሚዛኑን ይተዉት፣ ደምዎ እኮ ወርዷል" ብላኝ ነበር፤ እኔ ንዴት ላይ ስለነበርሁ ሰማሁ እንጂ አላዳመጥሁም። እሑድ ደግሞ ገብርኤል ስሄድ፣ ያን ዳገት ታውቂው የለ፣ ሦስት ቦታ ቁጭ የምልበትን፣ አንድም ቦታ ሳልቀመጥ ወጣሁት። ላይ ደርሼ ነው ያስተዋልሁት። ቆሜ አለቀስሁ፣ ይኼኛው ግን የደስታ ነው። ጉልበቴ ዝም ብሏል፣ ትንፋሼ አለ፣ ገና እኖራለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቅቤውን መልሼ ሰቀልሁት። ጎመኑንም በላሁ፤ ተናድጄ ነው የበላሁት፣ ግን በላሁ።

ነገር ግን አንዲት ሐሳብ ከነከነችኝ። እኔ ከሳሁ የተባልሁት ጎመን በልቼ ነው፣ እሺ። ያ ከኋላሽ የተሰለፉት የአያ ወንዳወቅ ጤፍስ ምን በልቶ ነው የከሳው? ቤቱ በቁና ተሰፍሮ ሞልቶ የወጣ ጤፍ፣ እዚህ ሲመዘን ሲጎድል ቆሜ አይቻለሁ። "መንገድ ላይ ፈሶ ይሆናል" ተባለ። አምና ያንቺ በርበሬ ሲቀልስ ምን አሉሽ? "እርጥበቱ ወጥቶ ነው።" አይ፣ እውነት ይሆናል እኮ። በርበሬሽ ምናልባት ዳገት ወጥቶ ይሆናል። ይኼ ዛሬ ያመጣሽው በቆሎስ ጎመን ቀምሷል? ጨው ቀንሷል? ... እንግዲህ ሳይቀምስም ይከሳል። በረከት ያለው እጅ ሲነካው እንዲህ ነው፤ እዚያ ሚዛን ላይ በሬ ቢወጣ ጥጃ ሆኖ ይወርዳል።

ትናንት ደግሞ ምስር ልገዛ ጓዳቸው ገባሁ። እዚያ ሌላ ሚዛን አለቻቸው፣ የሚሸጡባት። ማንም ሳያየኝ ወጣሁባት። ዘጠና ስድስት። ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ ምን በላሁ ደጊቱ? ... እኔማ አደነቅሁ። አንዷ ሚዛን ታከሳለች፣ አንዷ ታወፍራለች። የትልቅ ከተማ ሐኪም እንኳ ሁለቱን ባንድ ቤት አያገኝም። ለከሲታም ለወፍራምም የሚያስቡ ሰው ናቸው።

ምን ታደርጊያለሽ፣ ይኼ በቆሎ ልጅሽን ሀኒን ትምህርት ቤት የምታቆዪበት ነው፤ ከከሳ ልጅቱ እንደምትቀር እኔ መምህሯ አውቃለሁ። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። እኔ ግን በጎመን ሦስት ወር ያልተነቃነቅሁ ሴት ነኝ። ብረት እንኳ ዝጎ ይቀላል፣ እኔ አልቀለልሁም። ዘጠና ኪሎ መሆኔንም ይኼ ሰልፍ ሁሉ ያውቃል፤ ከጧት ጀምሮ ለያንዳንዱ ነግሬያለሁ። ሴት ክብደቷን ገበያ ላይ ታውጃለች? አወጅሁ። አብተው ቢሰማ ከቤት አይወጣም።

ተራሽ ደረሰ መሰለኝ። ቆይ፣ ጆንያሽን አታውጪ። ነጠላዬን ያዢልኝ፣ እንደ ልማዴ ልቅደም። ... ይኼው ወጣሁ። መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ። ጮክ በይ፣ አያ ወንዳወቅም ይስሙ። ... ሰማንያ አራት? እሰይ፣ ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ዘጠና የነበርሁት። ምነው ሰዉ ሁሉ ወደ ሚዛኗ ተጠጋ?

ምን አሉ ደጉ ሰው? ነፋስ ነክቷት ነው? በይ ስሚ፣ ነፋስ ነው። እኔማ ገምቻለሁ፣ ይኼ የጥር ነፋስ የማይነካው የለም። ያቺን ብሎን ሲያዞሩ እጃቸው እንዴት ይፈጥናል፣ እንደለመደ ሰው። ... አሁንስ? ዘጠና። ዘጠና ደጊቱ። በቆምሁበት ስድስት ኪሎ ወፈርሁ። ወፍራ እንዲህ ደስ ያላት ሴት በጎጃም ምድር እኔ ብቻ ነኝ። ብሎኑን አትንኩት በይ፤ አያ ወንዳወቅ፣ እስቲ እዚያች ጥግ ቁሙልን፣ ነፋሱን ከልሉልን። አሁን ጆንያሽን አውጪ።

... አየሽ? ቁናሽ ያለውን አለ። አልፈሰሰም፣ እርጥበቱም አልወጣም። ምነው እንባሽ? ሀኒ ትማራለች፣ በቃ፣ ተይ እንግዲህ እኔንም አታስለቅሺኝ። አዎ፣ ለሚቀጥለው ገበያም እመጣለሁ፤ አንዲት ኪሎም ብትሆን ከቀነስሁ አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ጎመኑን አልተውም፣ ዳገቱን ቀምሼዋለሁ።

ሳናመሰግን ግን አንሂድ፣ ነውር ነው። ለኚህ ደግ ሰው እግዜር ጤና ይስጥልን። ቤታቸውን ይሙላው፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው። ዕድሜያቸውንም እንደ ማቱሳላ ያርዝመው ... ያን ዕድሜ ሲመዝንላቸው ግን በዚች ዛሬ በተስተካከለችው አይሁን፣ እንግዳ ትሆንባቸዋለች፤ በዚያችው ለኛ ሲመዝኑባት በኖሩት፣ በለመዷት ይሁንላቸው። አሜን በይ እንጂ ደጊቱ።