ከተቆለፈው ቢሮ የወጣው ፎቶ

እዚህ ሱዳን ሀፍላ በሚሉት አውቶብስ ላይ ከፊቴ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠው ከካላክላ ሰፈር ጀምሮ ያወራሉ። እሷ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ እሱ ሳጃና ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ይሠራል።

«የልጄ ፎቶስ? ጠፋ ካልከኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«አብሽሪ እቴ ዘይነባ፣ ተገኘ!»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ። ወንድምሽ ከደሴ የላከውን አለቃችን፣ ሙዲሩ፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ቢሮውን ቆልፎ ፖርት ሱዳን ሄደ። ከውጭ በኔትወርክ ልክፈተው ብል፣ የኔ ማሽን ያኛውን አላይም አለኝ።»

«ድሮ ያይ አልነበር?»

«ቫይረስ ቢያስመርረኝ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቀየርኩታ! ለካ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ኔትወርኩ ላይ ያላቸው የቡድን ስም አንድ ካልሆነ አይተያዩም። ትናንት ስሙን አንድ ሳደርገው ፎልደሩ ብቅ አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ እኔ ክርስቲያኑ!»

«አሳየኛ።»

«ይኸው፣ አትሜልሻለሁ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ ሳቀች።

«ትቻት ስመጣ ጥርስ አላበቀለችም ነበር። እያት እስቲ፣ አፏ ሙሉ ጥርስ!»

መውረጃዬ ሲደርስ ሹፌሩ እንዲያቆም ጣቴን ማጮህ ነበረብኝ፣ ግን ዓይኔ ፎቶው ላይ ቀርቶ እጄን አላነሳሁም።