ኮሪደር ላይ ያስጮኸኝ ዳይፐር

ልጃችን እዚሁ ሐዋሳ ጊዜዋ ሳይደርስ በሰባት ወሯ ተወለደች። ሆዷ ነፋ ብሎ ስለነበር ሐኪሙ «አንጀቷ ገና አልጠነከረም» ብሎናል። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሆና ከአልጋ መነሳት ስላልቻለች፣ ያለበችውን የጡት ወተት ሕፃናቱ ወደሚተኙበት ክፍል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን የያዝኩት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አፍሬ ነርሷን «ይቅርታ ሲስተር፣ ያለችን ይህችው ናት። ፒያሳ ወርጄ የቆርቆሮ ወተት ልግዛ እንዴ?» አልኳት። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? ይሄ ሆድ መሙያ ብቻ መሰለህ? አንጀቷን የሚያሳድግና የሚያጠነክር ነገር አለበት፤ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲህ ያለውን አታገኝም። ጠብታም ብትሆን አምጣ!» አለችኝ።

ጠብታ ጠብታውን ሳመላልስ ሰንብቼ፣ በአራተኛው ቀን ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ምን ሆነች?» አልኳት። «ና እይ» ብላ ምን እንዳሳየችኝ ታውቃላችሁ? ዳይፐር! ልጄ ካካ ብላለች። «ሆዷም ጎደለ፤ አንጀቷ ሥራ ጀመረ» አለችኝ።

ለባለቤቴ ልነግራት «ካካ አለች! ካካ አለች!» እያልኩ በኮሪደሩ ስሮጥ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቱላ የመጡ አንድ አዛውንት ክንዴን ያዙኝ።

«የመጀመሪያ ልጅህ ናት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ከት ብለው ሳቁ። «አሁን ጩህ ልጄ፤ ከሁለት ወር በኋላ ይህን ዜና ስትሰማ ከቤት ትሸሻለህ!»

ይኸው አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ እኔም አልሸሸሁም። ዳይፐር የምቀይረው እኔ ነኝ። ባለቤቴን እስኪሰለቻት ድረስ «ነይ እዪማ፣ ዛሬም እኮ ግሩም ነው!» እላታለሁ።