ስለ ብሩክ መወለድ ያልተወራው

በእኛ ጊዜ፣ ሜሮንዬ፣ የምጥ ነገር አይወራም ነበር። ሴትዮዋ ሞታ ትነሳ፣ ነፍሷ በአፍንጫዋ ትድረስ፣ ብቻ በሕይወት ከተረፈች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎው ይበላል፣ አለቀ! ከዚያ በኋላ ያንን ጭንቅ ማንሳት ምሕረቱን እንደ ማማረር ነው የሚቆጠረው። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ማርያም የዘጋችውን በር አትክፈቱ» ትለን ነበር። ታዲያ ታናሽ እህቴ ዘነበች ይህን ይዛ ልጇን አሳደገች። ብሩክን ማለቴ ነው፣ ታውቂው የለ፣ ኦሎምፒያ ቢሮ የሚሠራውን።

ብሩክ ገና ልጅ ነው። ቀጭን ነው፣ አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይሮጣል። ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሲያስመረምር የዚህ ልጅ ደም ግፊት፣ እኛ ደም ብዛት የምንለው፣ ጣራ ነክቶ ተገኘ። መድኃኒት ታዘዘለት። እና ዋጠ? አልዋጠም! ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል እንጂ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው የማትውጠው?» ስለው፣ «እትዬ፣ የሥራ ጭንቀት ነው፣ እኔ ስፖርተኛ ነኝ እኮ! ግፊት የሽማግሌ ነው» ይለኛል። «ሽማግሌዋማ እኔ፣ ይኸው እንደ ሚዳቋ እዘላለሁ፣ የታመምከው አንተ ነህ!» እለዋለሁ። ይስቃል። እናቱም አብራው ትስቃለች።

እና አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ታክሲ ሲጠብቅ ራሱን አዞረው። ደረቱን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ አለ አሉ። ደውለውልን እኔና ዘነበች እየበረርን ሄደን አትላስ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ አስገባነው። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ እንዳንቺ። ልብ የሚያይ መሣሪያ አደረገችለት፣ አንዱን ክንዱን ለካች፣ ሌላውንም ለካች፣ እና ወደ ዘነበች ዞራ «እናቴ፣ እሱን ሲያረግዙ እንዴት ነበሩ?» አለቻት።

«ደህና! ምን እሆናለሁ? ማርያም ምራኛለች።»

«የተወለደውስ ወሩን ጨርሶ ነው?»

«አዎን።»

ኧረ እዚህ ላይማ አልቻልኩም፣ ሜሮንዬ፣ ምላሴን በላኝ! «ምኑን ነው ደህና የነበርሽው?» አልኩ። «ፊትሽ አብጦ ዓይንሽ የጠፋው ማን ነበር? ራሴ ተፈለጠ እያልሽ ግድግዳ ስትይዢ ያደርሽው? አንፈራግጦሽ ጥርስሽ ገጥሞ፣ ሐኪሙ ‹ከሁለቱ አንዳቸውን እንኳ ካተረፍን› ያለን? ልጁስ ወሩ ሳይደርስ ወጥቶ ማሞቂያ ውስጥ የከረመው?»

«እታለም፣ በማርያም ዝም በይ!»

«ዝም አልልም! ብትፈልጊ ተቀየሚኝ!»

ብሩክ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። «እማዬ፣ እውነት ነው? እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም» አለ። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «እኔ ነኝ የጎዳሁት፣ በሆዴ ሳለ ነው የጎዳሁት» ትላለች። ለካስ ይህ ነበር በልቧ የኖረው! እኔ የእናታችንን ቃል የምታከብር መስሎኝ፣ ለካ ልጇ «አንቺ ነሽ» እንዳይላት ፈርታ ኖሯል።

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ እጇን ያዘቻት። «እናቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። የእርግዝና ግፊት ማንም ጠርቶት አይመጣም» አለቻት። «ግን ሕፃኑ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሲያድግ ልቡም ደም ሥሩም አብረው ይጨነቃሉ። እንዲህ ሆነው የተወለዱ፣ ያለ ወራቸውም የተወለዱ ልጆች፣ ካደጉ በኋላ ለግፊትና ለልብ በሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ሁሉም ይታመማል ማለት አይደለም። ቀድሞ ከታወቀ ግን ቀድሞ ይለካል፣ ይጠነቀቃል። እርስዎም ራስዎ መለካት አለብዎት፤ ያ ነገር የእናቲቱንም ልብ ይከተላል።» ከዚያ ወደ ብሩክ ዞረችና «ቀጭን ነኝ ብለህ አትታለል። ግፊት ወፍራም ሰው ብቻ አይደለም የሚይዘው» አለችው።

ማርያም ማረቻት እንጂ ዝም በሉ መች አለች? ንገሪኝ እስቲ! ዝም በሉ ያልነው እኛው ነን።

ታዲያ ወጣን። ዘነበች ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ አትዞርም። ብሩክ ከሱቅ ውሃ ገዝቶ ደረሰባትና «እማዬ፣ ቁሚ እስቲ» አላት። ቆመች።

«ይህን መድኃኒት ሳልውጥ ቀርቼ አንድ ነገር ብሆን፣ ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ› እያልሽ ልትኖሪ ነው?»

«ታዲያ ማንን ልበል?»

መኪናው ይጮሃል፣ ሰዉ እየገፋን ያልፋል። «አንቺ ሞተሽ ተርፈሽ ነው ለካ የወለድሽኝ» አለና ኪኒኑን አውጥቶ እዚያው መንገድ ላይ ዋጠው። ውሃውን እስኪጨርስ አፉን አፉን ታየዋለች። ከዚያ ክንዱን ያዘች፣ ፊቷ ተፈታ፣ እና «ርቦኛል» አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ሴትዮ!

እስከ ዛሬ ይውጣል፣ አላቋረጠም። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ባየች ቁጥር «ተለክተሻል? እግርሽ አላበጠም?» እያለች የራሷን ጭንቅ ከሥር ከመሠረቱ ታወራለች። አሁንማ ዝም በይ የምላት እኔ ሆኛለሁ! ሜሮንዬ፣ በዕድሜዬ ስንት ኪኒን አይቻለሁ፤ ልጅ ውጦት እናት የሚሻላት ኪኒን ግን ያን ዕለት አየሁ።