ለጥ ያለው ጠረጴዛ

የማይጥም መልእክት ይዞ ወደ ሰው ደጅ ከመሄድ የባሰ ቅጣት የለም። የሚዛን ወጣቶች ማዕከል ኮሚቴ ግን ለዚህ የመረጠው እኔን ነው፤ መምህር ስለሆንኩ ክፉ ወሬን በደህና አማርኛ ይናገራል ብለው ይሆናል። ዝናቡ እየወረደ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን ሳሰላስል ማራናታ እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ተመርቃ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበረች።

«መምህር ከፈለኝ! በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ወደ ጋሽ ዓለምሰገድ እንጨት ቤት። የሠሩልንን የቴኒስ ጠረጴዛ እንደማንፈልገው ልነግራቸው።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

ነገርኳት። ጋሽ ዓለምሰገድ የዚህን ከተማ ግማሽ በርና ቁም ሣጥን የሠሩ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ለማዕከሉ ከዋንዛ ጣውላ የሠሩት ጠረጴዛ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል፤ ያየው ሁሉ አድንቆታል። ችግሩ ኳሷ ናት። ወደ ቀኝ ሲመቷት ወደ ግራ ትነጥራለች፣ አንዳንዴም ጨርሶ አትነጥርም። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ የቴፒ ወጣቶች ለውድድር ይመጣሉ። ጠረጴዛው «ትንሽ ይታይ» ተብሎ ተመልሶላቸዋል፤ ኮሚቴው ከአዲስ አበባ ሌላ ለማስመጣት መወሰኑን ግን ገና አልሰሙም። ይህ ወሬ ከወጣ ለጋሽ ዓለምሰገድ ማን ሥራ ይሰጣቸዋል? ሰውየው በስማቸው የሚኖሩ ናቸው፤ እኔን የጨነቀኝም ይኸው ነው።

«መምህር፣ እባክዎ ዛሬ አይንገሯቸው» አለች ማራናታ። «እስቲ መጀመሪያ አብረን እንየው። ይቃና ይሆናል።»

ስንደርስ ጋሽ ዓለምሰገድ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተቀበሉን።

«ኑ፣ ግቡ። መምህር፣ ኳሳችሁን ቀይሩ ብያለሁ። ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። እስቲ ዳብሰው! ከዚህ በላይ ልስላሴ ከየት ይመጣል?»

ዳበስኩት። እውነትም ይለሰልሳል። እኔ እንኳ ኳሷን ጠረጠርኩ።

«ጋሼ፣ ልስላሴውስ እንከን የለውም» አለች ማራናታ በትህትና። «እኔ የፈራሁት ለጥ ማለቱን ነው። በምን አሹት?»

«በምን ይታሻል? ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፌ፣ በእነዚህ ጣቶቼ ነዋ! ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው፤ እጄ አይዋሸኝም።»

«እጅዎ አይዋሽም። ግን ጣት ለስላሳ ነው፤ እንጨቱ ጎድጎድ ካለ ተከትሎት ይወርዳል፣ ጉብ ካለም ተከትሎት ይወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱም ይለሰልሳል፣ ጉብታውም ይለሰልሳል፣ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ። ወረቀቱን ረጅምና ድርቅ ያለ ሰሌዳ ላይ ለጥፈን ብናሽ ግን የሚበላው ጉብታውን ብቻ ነው። ደጅዎ ላይ ያለው ሳንቃ ቦዩን ተሻግሮ ይተኛል እንጂ ቦዩ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«አይገባም።»

«ይሄም እንደዚያው ነው።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሚ ልጄ፣ የእህቴ ልጅም እንዲሁ አዲስ ነገር ብሎ ማሽን ገዝቶ ነበር። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመጣ ማሽኑ ዘሎ የሰው በር ቦጨቀ። ይቅርታ ለምኜ ሌላ በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲባል ሆዴን ያመኛል።»

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። እኛ ተማርን ባዮች አዲስ ነገር ስናመጣ የሚበላሸው የማን ዕቃ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ማራናታ ግን ጠይቃ የመጣች ትመስላለች።

«ይሄ መብራት አይፈልግም፣ ጋሼ። ትርፍራፊ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ለቁም ሣጥን ያመጡት ወፍራም መስታወት፣ አለቀ! ካላማረዎት ማገዶ ያደርጉታል።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ሰውስ ምን ይላል? በስተርጅና ከልጅ ሊማር ሄደ አይልም?»

«የሄዱት እርስዎ መቼ ሆኑ? እኔ ነኝ ቤትዎ ድረስ የመጣሁት» አለች ፈገግ ብላ።

ሳቁ። ጋሽ ዓለምሰገድ ሲስቁ ትከሻቸውም፣ ሆዳቸውም፣ የቆሙበት ወለልም አብሮ ይስቃል።

ማራናታ ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮችን በኮላ አጣብቃ መስታወቱ ላይ አስተኛቻቸው፤ መስታወቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ሰሌዳውም ሳይጣመም ይደርቃል አለች። በላዩ ድንጋይ ጫንንበት። በማግስቱ ስመለስ ሰሌዳው ደርቆ፣ ከጥቅሉ የተቆረጠ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። እጀታውን ያበጁት ጋሽ ዓለምሰገድ ራሳቸው ናቸው፤ በጓሯቸው ከተጎነደለ ያረጀ የቡና ግንድ ሁለት ጠንካራ እጀታ ጠርበው ከጫፍና ከጫፍ ሰክተውለታል።

«አመኑበት ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የማላምንበት ነገርም ቢሆን ከቤቴ ሲወጣ ማማር አለበት።»

ከዚያ የሁለቱ ፉክክር ተጀመረ። የጠረጴዛውን ግማሽ ጋሽ ዓለምሰገድ በጣታቸው፣ ግማሹን ማራናታ በሰሌዳው አሹ። የሽማግሌው ወገን ቫርኒሹ እኩል ፈዘዘ። በማራናታ ወገን ግን እዚህም እዚያም የሚያብረቀርቅ ቦታ ቀረ። ጋሽ ዓለምሰገድ በደስታ ጮኹ።

«አየህ መምህር! ሰሌዳዋ ዘላዋለች! ኩሬ ኩሬ አስመሰለችው!»

«ኩሬ የሚተኛውስ ጉድጓድ ላይ አይደል፣ ጋሼ? ሰሌዳው ያልነካው ዝቅ ስላለ ነው። ካላመኑኝ ክርዎን ያምጡ።»

የአናጢ ክራቸውን ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ጎንበስ አሉ። የሚያብረቀርቀው ቦታ ላይ በክሩና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ይታያል። ክሩን ወደ ራሳቸው ወገን ወሰዱት። እዚያም ብርሃን። መዳፋቸውን ገልብጠው ተመለከቱ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያመነውን እጁን ሲጠራጠር ማየት ደስ አይልም።

«እጄ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲደብቀኝ ነበር?»

«አልደበቀዎትም» አለች ማራናታ። «ለስልሷል ወይ ብለው ጠየቁት፣ አዎ አለ። ለጥ ብሏል ወይ ብለው ግን ጠይቀውት አያውቁም።»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ፣ አንዱን እጀታ ያዢ!»

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሰሌዳውን በሰያፍ ይገፉት፣ ይስቡት ጀመር። ማራናታ እስከ መጨረሻው በሰያፍ ልትቀጥል ስትል ጋሽ ዓለምሰገድ አቆሟት።

«ጉብታውን በሰያፍ ይብላ፤ መጨረሻው ግን በእንጨቱ መስመር ነው። አለዚያ ቫርኒሽ ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። ይሄን ኮሌጅ አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውኛል ጋሼ፤ ቸኩዬ ነው» አለች እየሳቀች።

የሚያብረቀርቁት ቦታዎች እየጠበቡ ሄደው ጠፉ። ኳሷን ከእጄ ለቀቅኋት። መሃል ላይም፣ ዳር ላይም፣ ጥጉ ላይም በአንድ ድምፅ ነጠረች። ጋሽ ዓለምሰገድ እየተከተሏት እንደ ልጅ አጨበጨቡ። እኔም ልደብቅ አልችልም፣ ደስታው ከእነሱ ብሶብኝ ነበር። ኮሚቴውን ጠርቼ አሳየሁ፤ ኳሷን በየተራ አነጠሯትና ያለ አንድ ክርክር የአዲስ አበባውን ጠረጴዛ ሰረዙት። ከኮሚቴ ዝምታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቴፒዎች አሸነፉን፤ ምን ይደረጋል! ጨዋታው ሲያልቅ የቡድናቸው መሪ ሳህሉ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን በጎን አየው።

«ይሄን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣችሁት? እስቲ አድራሻውን ስጡን፤ እኛም እናስመጣለን።»

አዳራሹ በሳቅ አስተጋባ። ጋሽ ዓለምሰገድ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ከኋላ ተነሡ።

«አድራሻው ገበያው ጀርባ ነው ልጄ። የሠራነው እኔና ማራናታ ነን፤ ለእናንተም እንሠራለን። በፊት ይሄን የሚያህል ገጽ ሳሽ ትከሻዬ ስንት ቀን አይታዘዘኝም ነበር። ወረቀቱም ጣቴ ባረፈበት ብቻ ተበልቶ ይጣል ነበር። አሁን ሁለት ሆነን እያወጋን እንገፋዋለን፤ ወረቀቱ እኩል ያልቃል፣ ትከሻዬም ሰላም ያድራል፣ የሥራዬን ጉድለት ደግሞ ሰው ከማየቱ በፊት እኔው አየዋለሁ። ሰሌዳውን ማወቅ የሚፈልግ አናጢ ካለ ይምጣ፣ አልደብቅም።»

ከመዘምራን ጓደኞቿ መሃል የተቀመጠችው ማራናታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ዓለምሰገድ ግን አልጨረሱም፤ ወደ እሷ ዞሩ።

«ማራናታ! ሰኞ በጠዋት ሥራ እንጀምራለን። እንዳታረፍጂ!»

«እሺ ጋሼ» ስትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምጿ ግን በጭብጨባው ተዋጠ።